ቀሚስ የለበሰው ሙክት

«ሳጥኑ ካልተከፈተ አይጫንም አልኩ» አለ ረዳቱ፣ የቅጥቅጡን መሰላል በአንድ እጁ እንደያዘ።

«ከተከፈተ ይበላሻል» አለ ዶክተር ዮናስ።

«የሚበላሸው ምንድነው? ሥጋ ነው?»

«ሥጋ አይደለም።»

«እንግዲያው አይበላሽም።»

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ነን፤ ገና መንጋቱ ነው። መከራከር ከጀመርን ግማሽ ሰዓት ሊሞላን ነው። ሳጥኑ ነጭ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ተሳፋሪው ከየመቀመጫው ወርዶ ከቦናል። ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በነቢያት ጾም ሥጋ ከጫነ መኪና ጋር እንደማይሄዱ አስታወቁ። ከቆላ ጨርቅ ይዞ የሚወጣ ሐሰን የሚባል ነጋዴ «አባባ፣ እኔ ይሄ ጾም አይመለከተኝም፤ ሥጋ ከሆነ በእኔ በኩል ይቀመጥ» ሲላቸው ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «የምርጫ ወረቀት ቢሆንስ?» ብሎ ሹክ አለ። ሳቁ ወዲያው ቆመ።

ዶክተሩ በመጨረሻ ፕላስተሩን ላጠው። በረዶ፣ ባዶ ብልቃጦች፣ ከሥር ደግሞ ቀይ ነገር የያዙ ሁለት ጠርሙሶች።

«ደም ነው» አለ ረዳቱ ወደ ኋላ እያለ። «የማን ደም?»

ዶክተሩ ከመመለሱ በፊት ወደ እኔ አየ። «የበግ» አለ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ሐሰን የበግ ደም ከከተማ ወደ መንዝ ሲወጣ በዕድሜው ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ተናግሮ ተከተላቸው። ሳጥኑ ዶክተሩ ጭን ላይ ተቀመጠ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ግን ያቺን አስተያየቱን አልረሳኋትም። ሰው እውነት ለመናገር የሌላውን ፊት አይቶ መፍቀድ ለምን ያስፈልገዋል?

ወደዚያ አገር ለማትሄዱ ሰዎች ነው ይህን ከተመለስኩ በኋላ የጻፍኩት፤ ስለዚህ ማን እንደሆንን ልንገራችሁ። አገሬ መርሐቤቴ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼ ግጥም የሚባል ነገር ያዘኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥም አልሆነልኝም። ያን ጊዜ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ዶክተር ዮናስ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ የእጅ ጽሑፌን አገላብጦ አየና ለስድስት ቀን ቅጽ የሚሞላለት ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከእኔ ዐሥር ዓመት ቢበልጠኝ ነው። «አንተ በለኝ» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። ዶክተር ሆኖ አንተ በለኝ የሚል ሰው አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ይህንንም ጠረጠርኩ።

ሥራውን እንዲህ አስረዳኝ። ሰው ደም ውስጥ እንግዳ ነገርን ለይተው የሚይዙ ጠባቂዎች አሉ፤ ሐኪሞች አንቲቦዲ ይሏቸዋል። የእንስሳ ኩላሊት ሰው ውስጥ ቢተከል እነዚህ ጠባቂዎች ይጣበቁበትና ሰዓት ሳይሞላ ያበላሹታል። ስለዚህ የማን ደም በኃይል፣ የማን ደም በዝግታ እንደሚጣበቅ የሚለኩ ሐኪሞች በየአገሩ አሉ። እሱ ማወቅ የፈለገው ከበጎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው ከከተሜው ይለይ እንደሆነ ነው። ለዚህ ደግሞ መንዝን የሚያህል የት ይገኛል?

ጣርማ በርን አልፈን ወደ ግራ ስንታጠፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። እኛ አገር በዚህ ወር ሰው በሸሚዝ ይውላል፤ ማሽላው ይታጨዳል። እዚህ ተሳፋሪው ሁሉ እስከ አፍንጫው ተሸፍኖ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ዓይኑም የሚያየው ሳጥኑን ነው። ጓሳ የሚባለውን የሣር ሜዳ በመስኮት አየሁት። ሣሩን የሚያጭዱት ሕዝቡ መክሮ በቈረጠው ቀን ብቻ ነው፣ ያለዚያ ማንም ማጭድ አያነሣበትም አለኝ ሐሰን። አላመንኩትም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሣር ቢገኝ በሳምንቱ ሜዳው ራሰ በራ ይሆን ነበር።

መሐል ሜዳ ያደርንበት አልቤርጎ አንድ አልጋ ብቻ ነበር የቀረው። ዶክተሩ ሳጥኑን መስኮቱ ሥር ውጪ አስቀመጠው፤ ውርጩ ከበረዶው ይሻላል አለ። እኔ ሦስት የበግ ጠጉር ባና ደርቤ ማስታወሻዬ ላይ ይህን ጫርኩ፦

ብርዱ ሰው ይመስላል፣ በቀዳዳ ያያል፤
በር ላይ ቆሞ ሰምቶ፣ ገብቶ አጠገብ ይተኛል።

ሁለተኛው ቀን በጩኸት ነጋ። የጮኸው ዶክተሩ ነው፤ ሳጥኑ ከቦታው ጠፍቷል። በጋቢ ብቻ ሮጦ ግቢውን አሰሰ፤ እኔም በልቤ ረዳቱን፣ ሐሰንን፣ ሽማግሌውንም በየተራ ወነጀልኩ። ባለቤቲቱ ወይዘሮ ሺበሺ ከማድ ቤት ብቅ አሉ።

«ምን ጠፋችሁ?»

«ነጭ ሳጥን፣ እማማ። እዚህ ነበረች።»

«እሷማ እኔ ዘንድ ናት። ስንቃችሁን ውርጭ መትቶት ሳይ አዝኜ እሳት ዳር አድርጌላችኋለሁ።»

ዶክተሩ ሳጥኑን ከምድጃው አጠገብ እንዴት እንዳነሣው አላየሁም፤ ብቻ ከፍቶ በእጁ እየዳሰሰ ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ አለ። በረዶው ጠርዙ ላይ ብቻ ነበር የቀለጠው። ወይዘሮ ሺበሺ የሠሩት ደግነት ለምን ሰው እንዳስደነገጠ አልገባቸውም፤ ቅር ያላቸው ቢመስልም ትኩስ ሽሮ በገብስ ዳቦ እየመረቁ አቀረቡልን፤ ቅር ያለው ሰው ያን ያህል አይመርቅም። ወገብህን ያሙቀው ብለው የቀጣዩን መንገድ ቆሎ ኪሴ ውስጥ በእጃቸው ሞሉልኝ። እኛ አገር ለእንግዳ ጤፍ ነው የሚቀርበው፣ ገብስ ማቅረብ ያሳፍራል። ያን ቀን ማፈር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ወደ ዘመሮ የሄድነው በእህል መኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀምጠን ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ መኪናው ያቃስታል። ጎማ ፈነዳብን። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ዶክተሩ ጃኬቱን አውልቆ ለሳጥኑ አለበሰውና እሱ በሸሚዝ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህንንም መዘገብኩ፤ ለበግ ደም ሰው ይህን ያህል ይጨነቃል? በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር በግ አይደል የሚግጠው?

«ምንድነው ሁልጊዜ የምትጽፈው?» አለኝ።

«ግጥም።»

«አሳየኝ።»

ሰጠሁት። ስለ ብርዱ የጻፍኩትን አንብቦ «ይህ ስለ እኔ ነው» አለና መለሰልኝ። አልካድኩትም።

ዘመሮ ላይ ታደለ የሚባል የጤና ረዳት ተቀበለን። አልጋውን ለቅቆልን እሱ ወንበር ላይ አደረ። በማለዳ ሲሸኘን፣ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ቀበሌ ሕዝብ እንደሚጠብቀን፣ ማረፊያችንም አቶ ተሰማ ዘንድ እንደሆነ ነገረን። «ከወር በፊት ነው የነገርኳቸው። ደስ ብሏቸዋል» አለ። ስለ ምን ደስ እንዳላቸው አልጠየቅነውም።

ሦስተኛውን ቀን በእግራችን ዋልን፤ ሳጥኑን በቅሎ ተሸክማው። አቶ ተሰማ ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የሰው ዓይን ውስጥ የሚያዩ ሰው ናቸው። ቤታቸው የድንጋይ ክብ ነው፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ ሞቅ ያለ ውሃ በገበቴ አምጥተው የሁለታችንንም እግር አጠቡ። ዶክተሩ እግሩን ሊሰበስብ ሲል «ተው አንተ፣ በዚህ እግር አይደል ለልጄ የመጣኸው» አሉት።

ለልጄ። ዶክተሩና እኔ ተያየን።

ልጅቱ አስካለ ትባላለች። ሃያ ዓመት ይሆናታል። መደቡ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ፊቷ እብጥ ብሎ ዓይኗ ጠቧል፤ ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። ኩላሊቷ ነው። አባቷ አዲስ አበባ ድረስ ወስደዋታል፤ እዚያ ክኒን ሰጥተው፣ ሌላው መፍትሔ በአገር ውስጥ እንደሌለ ነግረው መልሰዋታል። ይህን ሁሉ አቶ ተሰማ የነገሩን በተረጋጋ ድምፅ ነው።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። ከአስካለ እግር ሥር አንድ ነጭ ሙክት ተኝቷል። ጀርባው ላይ የሴት ቀሚስ ታስሮበታል፤ አበባ ያለበት፣ በብብቱ ተጠልፎ በደረቱ የተቋጠረ። አስካለ ቆሎ በመዳፏ ታበላዋለች፤ ሲጨርስ ምራቋን ቀባ አድርጋ አፍንጫውን ታሸዋለች። ሙክት ቤት ውስጥ ማደሩ አልገረመኝም፤ መንዝ ነው። ቀሚሱ ግን ምንድነው? ጠንቋይ አዞት ይሆን? እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ካየህ ውሃውንም ሳትጠጣ ትወጣለህ። ስልጆውን በዳቦ እያጠቀስኩ በላሁ፤ ግን ሙክቱን እያየሁ ነው።

በአራተኛው ቀን ሰው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰበ። ዶክተሩ ደም ይቀዳል፣ እኔ ቅጹን እሞላለሁ፣ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይጫናል። ቅጹ ላይ «ደሜ ከእንስሳ ደም ጋር ተቀላቅሎ እንዲመረመር ፈቅጃለሁ» ይላል። ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው።

«እኔ ስም አለኝ» አሉ አንዲት ሴት።

«ቁጥሩ ለእርስዎ ጥበቃ ነው፤ ደሙ የማን እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ» አለ ዶክተሩ።

«ማንም ካላወቀው መልሱን ለማን ትነግራለህ?»

ዶክተሩ መልሱ የሚነገር እንዳልሆነ፣ ምርምር ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ለመሬት ድልድል እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሴቲቱ በመጨረሻ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «አንተ ግን ስሜን ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው። ከዚያ በኋላ የሁሉንም ስም ከቁጥሩ ጋር በግጥም ደብተሬ ጻፍኩ። ዶክተሩ አላየኝም። አስካለ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ናት። እሷ ስትጨርስ አባቷ ሙክቱን ጎትተው አመጡ።

«የእሱንም ቅዳ» አሉ ዶክተሩን። «የሌላ በግ ደም ምን ያደርግላታል? የምትቀበለው የእሱን ነው።»

አቶ ተሰማም ደም ያልገባን ሰዎች እኛ የሆንን ይመስል አስረዱን።

«ግልገሏ የሞተባት በግ ሌላ ግልገል ብታስጠጋላት ታሸትተዋለች፤ የእሷ አይደለም፤ ትረግጠዋለች። ታደለ የነገረን ይህንኑ ነው፤ ሰውነት የእኔ አይደለም ብሎ የሰጡትን ኩላሊት ይረግጣል። እኛ ምን እናደርጋለን? የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፈን እናት ለሌለው እናለብሰዋለን። በሦስተኛው ቀን ታጠባዋለች። እኔም ሙክቱን የአስካለን ቀሚስ አለበስኩት። ከእሷ እጅ ይበላል፣ ከእሷ እግር ሥር ያድራል። ወር ሆነው። አሁን ደሟ ያውቀዋል።»

ዶክተሩ መርፌውን እንደያዘ ቆመ። ብዙ ነገር ሊል ይችል ነበር። ያለው ግን «ውጭ አገር ያሉት የሚሞክሩት ይህንኑ ነው፤ የእንስሳውን ምልክት መግፈፍ» ብቻ ነው። ከዚያ ተንበርክኮ ከሙክቱ አንገት ደም ቀዳ። ማለት የነበረበትን ቀሪውን ነገር አላለም። እኔም ይህን ጠረጠርኩ እንጂ ምን እንደቀረ አላወቅሁም።

አምስተኛው ቀን የምርመራው ቀን ነው። ዶክተሩ የአቶ ተሰማን በር ከፍቶ ብርሃኑ ላይ ተቀመጠ። ደሙን በእጅ በሚዘወር መሣሪያ አሽከርክሮ ቀዩን ወደ ታች፣ ቢጫውን ውሃ ወደ ላይ ለየ፤ ጠባቂዎቹ ያሉት ቢጫው ውስጥ ነው። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት የፕላስቲክ ሰሌዳ አለው። የአንዱን ሰው ቢጫ ውሃ በመጀመሪያው ጉድጓድ ያደርግና ከዚያ ወደሚቀጥለው በጨው ውሃ እያቀጠነ፣ እያቀጠነ ይሄዳል። በየጉድጓዱ የበግ ቀይ ደም ጠብ ያደርግበታል። ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። ጠባቂዎቹ ከተጣበቁ ቀዩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ስስ ጨርቅ ጉድጓዱን ይሸፍናል። ካልተጣበቁ ተንሸራቶ መሐል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ሰው ግን ሁለት ረድፍ ነበር የሠራው። አንዱን ከሙክቱ ደም፣ ሌላውን ከሳጥኑ ጠርሙስ።

«ሁለቱም በግ ከሆነ ለምን ሁለት?» አልኩት።

ወደ በሩ አየ። ሰው አልነበረም፤ አስካለም መደቡ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። «የጠርሙሱ የአሳማ ነው» አለ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ስለሺ፣ መጠኑ ከሰው ኩላሊት የሚስማማው እሱ ነው። ምርምሩ በሙሉ በእሱ ላይ ነው የሚሠራው። አሳማ ብል አንድ ሰው ክንዱን የሚሰጠኝ ይመስልሃል? በነቢያት ጾም? ቅጹ እንስሳ ነው የሚለው፤ አሳማም እንስሳ ነው። በጉንም ጨመርኩ፤ ያልኩት ውሸት እንዳይሆን።»

ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን «እንስሳ» ሰው ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከመናኸሪያው ጀምሮ ያችን አስተያየት ይዤ የተጓዝኩት በከንቱ እንዳልሆነ ሳውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመናደዴ በፊት ደስ አለኝ። ጠርጣሪ ሰው ሲሳካለት እንዲህ ነው። ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን ያ ሰው ፀሐይ ወጣች ቢለኝ ወጥቼ የማይ ሆንኩ።

ሰሌዳው ደረሰ። የሁሉም ሰው ረድፍ በአሳማውም በበጉም አራት አምስት ጉድጓድ ድረስ ጨርቅ ሆኗል። ዐሥራ ሰባት ቁጥር ግን በሁለቱም ረድፍ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ነጥብ ብቻ ነው። ንጹሕ፣ ክብ ነጥብ። ዶክተሩ ሰሌዳውን ወደ ብርሃኑ አነሣ፣ አወረደ።

«ዐሥራ ሰባትን ባዶ ተወው። እደግመዋለሁ» አለ።

ደገመው። ያው ነጥብ ነው።

«አሁን ጻፈው። ለማንም ግን አትንገር።»

ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ደሟ ሙክቱን አልረገጠውም። የአቶ ተሰማ ጥበብ ሠርቷል፤ ይህ ሰው ደግሞ ውጤቱን ጠቅልሎ ለራሱ ስም ሊያደርገው ነው። አሳማውን የደበቀ ይህንን ለምን አይደብቅም?

በስድስተኛው ቀን፣ ልንነሣ ስንል፣ አቶ ተሰማ በጎቹን የሚያስወጡበት በር ላይ አገኙኝ።

«ልጄ፣ አንተ የጻፍከውን አንተ ታውቃለህ። የአስካለስ?»

ነገርኳቸው። «ደሟ ሙክቱን አልገፋውም። ከሰው ሁሉ የእሷ ብቻ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። እኔ ወደ ጎረቤት ቤት በቅሎዋን ላመጣ ሄጄ ስመለስ ወይዘሮ በለጡ ለመንገዳችን የደፉትን ዳቦ አውጥተው በሰፌድ እየሸፈኑ፣ በእንባና በሳቅ መካከል ነበሩ። አቶ ተሰማ ዶክተሩ ፊት ተቀምጠዋል።

«ሙክቱን አዲስ አበባ በምን እናድርሰው?» አሉት። «በመኪና ላይ ይደክማል። በእግር እንዳልነዳው ይከሳል።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አደረግክ?»

«ያየሁትን ነገርኳቸው።»

«ምን እንደሆነ ሳታውቅ?»

«አንተ ካልነገርከኝ በምን ላውቅ? የነገርከኝስ የትኛው እውነት ነው? ለእሳቸው ንገራቸው እስቲ፣ ደማቸውን ከምን ጋር እንደቀላቀልከው። አቶ ተሰማ፣ ጠርሙሱ የበግ አይደለም። የአሳማ ነው።»

ወይዘሮ በለጡ አማተቡ።

«ለልጄ ከሆነ ከጅብም ቢሆን አልጠላሁም ነበር» አሉ አቶ ተሰማ። «ንስሐው የእኔ ነበር። ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ይህንን ለዶክተሩ ነው ያሉት። «አሁን እሱን ተወው። ስለ ሙክቱ ንገረኝ።»

ዶክተሩም ነገራቸው። በእንስሳ ኩላሊት የሚኖር ሰው ዛሬ በዓለም ላይ የለም፤ ለነገ ነው የሚሠራው፣ ነገም መቼ እንደሆነ አያውቅም። የአስካለ ደም ያልተጣበቀው ሙክቱን ስላወቀው አይደለም። ጠባቂዎቿ ስላለቁ ነው። ኩላሊቷ ሰውነቷ የሚያስፈልገውን አብሮ ከሽንት ጋር እያፈሰሰው ነው፤ የምትወስደው ክኒንም አዳክሟቸው ይሆናል፤ አንደኛው ነው ብሎ መማል አይችልም። ያየው ነጥብ የመቀበል ምልክት ሳይሆን የበሽታው መጠን ነው። ለዚህ ነው የደገመው። ለዚህ ነው ዝም ያለው። ታደለ ዘንድ ደርሶ፣ ሐኪም ቤት ቶሎ እንድትመለስ በወረቀት ሊጽፍላቸው ነበር።

ይህን ሲናገር ወደ እኔ አላየም። እኔ ነኝ ወደ እሱ ያየሁት፤ ውሸት ፈለግሁበት። አጣሁ።

መደቡ ላይ አስካለ ቀና አለች። ከመጣን ጀምሮ ከእሷ የሰማሁት ዐሥር ቃል አይሞላም።

«አባባ፣ እኔ አውቀው ነበር» አለች። «አዲስ አበባ ያለችው ነርስ መዳኛ እንደሌለኝ እርስዎ ሲወጡ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ቀሚስሽን ስጠይቅሽ ለምን ሰጠሽኝ? ወር ሙሉ ለምን ቀለብሽው?»

«እንቅልፍ እንዲወስድዎ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ሌሊቱን ሲመላለሱ ነበር የሚነጋው።»

አቶ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተናገረችው ስለ ሌላ ሰው ይመስል። ወይዘሮ በለጡ ሄደው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ውጡ አላለንም። በመንዝ እንግዳ ከቤት አይባረርም፤ ያስቀየመ እንግዳም ቢሆን የቀረበለትን ሳይበላ አይሄድም። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ በዱላ ነበር የምንሸኘው፤ ያን ሰዓት እሱን ተመኘሁ።

አቶ ተሰማ ተነሡና በርኖሳቸውን ከማንጠልጠያው አወረዱ።

«አንተ የምታውቀውን ደበቅከኝ» አሉት ዶክተሩን። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የማታውቀውን ነገርከኝ።»

ማመልከቻ ስጽፍ ለማንም ሰው በደል ቃል አጥቼ አላውቅም።

«ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ብሉ። ጠላም አለ። ቤቱ የእናንተ ነው» አሉ። «እኔ ወንድሜ ዘንድ እሆናለሁ።»

ጎንበስ ብለው ወጡ። በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።